ከደብረ ሲና ደብረ ብርሃን የወሰደኝ የሽንት ምርመራ

በአንድ ዓመት ውስጥ አራት ጊዜ «የሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽን ነው» ተብዬ አራት ጊዜ አንቲባዮቲክ ወሰድኩ። ይሻለኛል፤ ወር ሳይሞላ ማቃጠሉና የግራ ጎኔ ውጋት ይመለሳል። ካልቸር፣ ማለትም ባክቴሪያውን አሳድጎ ማንነቱን የሚለየውን ምርመራ፣ አሠሪ ያለኝ ሐኪም ግን አልነበረም። ነርስ የሆነችው የእህቴ ልጅ ናት «እትዬ፣ ባክቴሪያው ሳይታወቅ መድኃኒት መቀያየር ይብቃ» ብላ ደብረ ብርሃን መናኸሪያ አጠገብ ወዳለው ላብራቶሪ የላከችኝ።

ሽንቱን ሌሊት በብልቃጥ ይዤ፣ ጣርማ በርን በሚኒባስ ተሻግሬ ደረስኩ። ናሙና ተቀባዩ ወጣት መቼ እንደያዝኩት ጠየቀና አልቀበልም አለ። «እናቴ፣ ሲቆይ ባክቴሪያው ይራባል፤ ውጤቱ ያሳስተናል። እዚሁ ይስጡ፤ የመጀመሪያውን ያፍስሱና መካከለኛውን ይያዙ።» አንቲባዮቲክ ላይ አለመሆኔንም አረጋገጠ። እንዲህ የተጠነቀቀልኝ ባለሙያ ከዚያ በፊት አላጋጠመኝም።

ያሳዘነኝ መታጠቢያው ነው። ታጥባችሁ ስጡ ይባላል፤ ውሃው በባልዲ፣ ሳሙና የለም። ይህ መስተካከል አለበት። ዋጋውም ከተራው የሽንት ምርመራ በጣም ይበልጣል።

ውጤቱ በሁለተኛው ቀን ደረሰ፤ ፕሮቲየስ ሚራቢሊስ የሚባል ባክቴሪያ። ከስሙ በታች ባክቴሪያውን የሚገድሉትና የማይገድሉት መድኃኒቶች ተዘርዝረዋል። ሦስት ጊዜ የዋጥኩት ከማይገድሉት መካከል ነበር! የሽንቴ ፒኤች (የአሲድነት መለኪያው) 8 ነው፤ አሲድነት የለውም ማለት ነው። ወጣቱ ወረቀቱን በእጄ ሰጥቶ ዝም አላለም፤ «ይህ ባክቴሪያ ጠጠር ይሠራል፣ ለሐኪም ሳያሳዩ ወደ ቤት እንዳይመለሱ» አለኝ።

አልትራሳውንዱ በግራ ኩላሊቴ ውስጥ ጠጠር አሳየ። ሐኪሟ እንዳስረዳችኝ ባክቴሪያው በሽንት ውስጥ ያለውን ዩሪያ የሚባል የሰውነት ቆሻሻ እየሰባበረ አሞኒያ ያወጣል፤ የሽንቱ አሲድነት ይጠፋል፤ ማግኒዥየምና ፎስፌት ከአሞኒያው ጋር ተጣብቀው ይጠጥራሉ። ስትሩቫይት የሚባለው ጠጠር ይህ ነው፤ ካልታከመ ኩላሊቱን ሞልቶ እንደ አጋዘን ቀንድ ቅርንጫፍ ያወጣል። ባክቴሪያው ደግሞ ጠጠሩ ውስጥ ይሸሸጋል። መድኃኒቱ ሽንቱን ቢያጸዳ እንኳ ጠጠሩ ውስጥ ገብቶ አይጨርሰውም። አንድ ዓመት ሙሉ እየዳንኩ የታመምኩበት ምክንያት ያኔ ገባኝ።

ጠጠሩን ለማስወጣት ወደ አዲስ አበባ ተልኬያለሁ። ከዚያ በፊት ካልቸሩ ይደገማል፤ የማሠራው እዚያው ወጣት ዘንድ ነው፣ ሳሙናዬን ከቤት ይዤ።