ጀሞ አካባቢ መዋዕለ ሕጻናት ለምትፈልጉ፦ ስለ ልጆቼ ቲቸር

ጀሞ አካባቢ ለልጃችሁ መዋዕለ ሕጻናት የምትፈልጉ ካላችሁ ይህን አንብቡልኝ። ስለ ልጆቼ ቲቸር ነው የምጽፈው። ስሜን አታንሺ ብላኛለችና አልጠራትም። የምትፈልጓት በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ ቦታውን እጠቁማችኋለሁ።

ሁለት ልጆች አሉኝ። ትልቋ አምስት ዓመቷ ነው። በአባቷ ወጥታ ጠቆር ትላለች። ታናሽ ወንድሟ ቀይ ነው። እንግዳ በመጣ ቁጥር «ቀዮ! ና እስቲ ሳመኝ» ይባላል። እሷን «አንቺስ ደህና ነሽ?» ብለው ያልፏታል። እኔም ብሆን «ፀሐይ ላይ አትቁሚ፣ ትጠቁሪያለሽ» ስላት ነው የኖርኩት። ክፋት አስቤ አልነበረም፤ ሲባል ሰምቼ ነው ያደግኩት።

አንድ ማታ ገላዋን ሳጥባት «ማሚ፣ በደንብ ፈትጊኝ፣ እንደ ቀዮ እንድሆን» አለችኝ። ክንዷን ራሷ ፈትጋ ፈትጋ አቁስላዋለች። ያን ሌሊት እንቅልፍ በዓይኔ አልዞረም።

በማግስቱ ለቲቸር ነገርኳት። «ቆንጆ ነሽ በያት» ብላ የምትሸኘኝ መስሎኝ ነበር። ወንበር ስባ አስቀመጠችኝ። ቤት ውስጥ ማን ምን ብሎ እንደሚጠራት ጠየቀችኝ። ስንት አሻንጉሊት እንዳላት፣ ፀጉራቸው ምን እንደሚመስል ጠየቀችኝ። ሦስት አሏት። የሦስቱም ፀጉር ወርቃማ ነው። እስከዚያች ደቂቃ ድረስ ልብ ብዬው አላውቅም።

በሳምንቱ ክፍሏ ያየሁትን ልንገራችሁ። ቤቷ ቡና ቆልታ መጥታለች። በየደረጃው ከብረት ምጣዱ እያወጣች ነው ያስቀረችው። አንዱ ሳህን ላይ ወርቅማ ያለ፣ አንዱ ላይ ጠየም ያለ፣ አንዱ ላይ እስኪጠቁር የተቆላ። ልጆቹ ምንጣፉ ላይ ከበው ክንዳቸውን ወደ ሳህኖቹ እያስጠጉ «የኔ ይሄ ነው!» ይላሉ። ልጄ የመጨረሻው ሳህን ጋ ቆመች። ቲቸር ጎንበስ ብላ «ደስ የሚል ሽታ ያለው የቱ ነው?» አለቻት። አሽታ ሳቀች።

ከዚያ ወደ ሥዕል ሄዱ። ልጆቹ «የሰው ቀለም» የሚሉት ፈዛዛ ሮዝ እርሳስ አለ። ቲቸር አነሳችና «የየትኛው ሰው?» አለቻቸው። እርስ በርስ ተያዩ። ሁሉም የራሱን ቀለም በጥብጦ እንዲያወጣ አደረገች። ልጄ ሦስት ጊዜ ሞክራ ነው ያገኘችው። ሥዕሉ አሁን ፍሪጃችን ላይ ተለጥፏል።

ሥራዋ ክፍል ውስጥ ብቻ አላለቀም። ለአንድ ወር ሁለቱንም ልጆች በስማቸው ብቻ እንድንጠራ ለመነችን። እናቴ ተቆጣች፤ «የልጅ ልጄን ቀዮ ማለት ምን ነውር አለው?» አለች። ቲቸር ቤት መጥታ አብራት ቡና ጠጣች። «እማማ፣ እሱን ሲጠሩት እሷም ትሰማለች» አለቻት። እናቴ ዝም አለች። ዛሬ እንግዳ የምታርመው እሷ ናት።

የወላጆች ስብሰባ ላይ ያነሳችልንም አይረሳኝም። ኬኔትና ሜሚ ክላርክ የሚባሉ ባልና ሚስት የሥነ ልቦና ባለሙያዎች፣ እ.ኤ.አ. በ1940ዎቹ አሜሪካ ውስጥ ከ3 እስከ 7 ዓመት ላሉ ጥቁር ሕጻናት ከቀለማቸው በቀር አንድ ዓይነት የሆኑ አሻንጉሊቶች አቀረቡ። አብዛኞቹ ልጆች ጥሩው ነጩ ነው አሉ። በመጨረሻ «አንተን የሚመስለው የቱ ነው?» ሲባሉ ያለቀሱ ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ1954 የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ተማሪን በዘር መለያየትን ሲሽር ከጠቀሳቸው ጥናቶች አንዱ የክላርክ ነው። አዳራሹ ጸጥ አለ። እኔ የመታጠቢያ ቤቱ ማታ ትዝ አለኝ።

ታናሹ ዘንድሮ ገባ። ግራኝ ነው። ቀድሞ የነበረበት ቦታ እርሳሱን ነጥቀው ቀኝ እጁ ላይ ያስይዙት ስለነበር መጻፍ ጠልቶ ነበር። እሷ ከጠረጴዛው ግራ ጫፍ አስቀመጠችው፣ ክርኑ ከጎኑ ካለው ልጅ ጋር እንዳይጋጭ። ፊደላችን ከግራ ወደ ቀኝ ስለሚጻፍ እጁ የጻፈውን እያበሰ ያጠፋበት ነበር። ወረቀቱን ወደ ቀኝ አዘንብላ፣ እጁን ከመስመሩ በታች አድርጎ እንዲጽፍ አሳየችው። የግራኝ መቀስም ፈልጋ አመጣችለት። አሁን ስሙን ግድግዳ ላይ ሳይቀር ይጽፋል።

ሌላም አለ። እቃቃ ሲጫወቱ ወንዶቹም ወጥ ይሠራሉ፣ ሴቶቹም ቤት ይገነባሉ። «ወንድ ልጅ አያለቅስም» የሚል ቃል እዚያ ክፍል ሰምቼ አላውቅም። «አባትህን ይዘህ ና» አትልም፤ «ከቤት ማን ይመጣልሃል?» ነው የምትለው። ከአያቱ ጋር ብቻ የሚያድግ ልጅ ክፍሉ ውስጥ አለ፤ ለእሱ ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

ሳልደብቅ ልንገራችሁ፦ ግቢው ጠባብ ነው። ልጄ በአራት ዓመቱ ኤ ቢ ሲ ዲ ጨርሶ ደብተር ይሙላ የምትሉ ከሆነ አትስማሙም፣ የቤት ሥራ ብዙም አትሰጥም። ተማሪም አታበዛም፣ ስለዚህ ቦታ ቶሎ ይሞላል።

ቲቸርዬ፣ ይህን ካነበብሽ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ልጄን መልሰሽልኛል።

ልታዩ የምትሄዱ ልጃችሁን ይዛችሁ ሂዱ። በር ላይ በርከክ ብላ መጀመሪያ የምታናግረው ልጁን ነው።