ገዝቶ ቶሎ መሸጥ፦ ድሬዳዋ ላይ ቪትዝ፣ ኮሮላ፣ ዲዛየር ወይስ ኤሌክትሪክ?

ያገለገለ መኪና ገዝቶ ዓመት ሳይሞላው ለመሸጥ የሚገደድ ብዙ ነው። የሥራ ዝውውር ይመጣል፣ ብር ይቸግራል፣ ወይም መኪናው እንደታሰበው አይሆንም። "ቢያንስ በገዛሁበት እሸጠዋለሁ" ብሎ የሚጽናና ሰው ግን ሒሳቡን ገና አልሠራም። መኪና በአራት ወር ብዙም አያረጅም። ገንዘቡን የሚበላው ተመልሶ የማይገኝ ወጪ ነው፣ ከዚያ ደግሞ ቀጣዩ ገዢ የሚያነሳው ጥያቄ። ስለዚህ እዚህ የምናወዳድረው የትኛው መኪና እንደሚያምር ሳይሆን የትኛው ሲሸጥ እንደሚያስከስር ነው።

ሒሳቡ ይህን ይመስላል። መኪናው 1,500,000 ብር ነው እንበል። ስም ለማዛወር የቴምብር ቀረጡ 2 በመቶ ቢሆን 30,000 ብር ነው፤ ውሉ ላይ የተጻፈው ዋጋ አንሶ ከታየ ቢሮው በራሱ ግምት ሊያሰላው ይችላል። ደላላው 2 በመቶ ካለ ሌላ 30,000 ይጨመራል፤ ስትሸጡም እንዲሁ። ኪሳራ ላለማየት ብቻ ወደ 1,592,000 ብር መሸጥ ይኖርባችኋል ማለት ነው። የሦስተኛ ወገን ኢንሹራንስ፣ ቦሎና የውል ማረጋገጫ ክፍያ እዚህ ውስጥ የሉም።

ቴምብሩን ለመሸሽ ስም ሳያዛውሩ መኪናውን በውክልና መያዝ የተለመደ ነው። ወካዩ ከሞተ ወይም ውክልናውን ከሻረው ግን ወረቀቱ ዋጋ የለውም፤ ሊብሬው በእሱ ስም እስካለ ድረስ በእሱ ዕዳ መኪናው ሊታገድ ይችላል። ነገሩ የገባው ገዢ ይህን ሁሉ ዋጋ ላይ ያወራርድባችኋል፤ የዳነው 30,000 ብር ድርድሩ ላይ እጥፍ ሆኖ ይወጣል።

ከድሬ መግዛት ወይስ ከአዲስ አበባ ማምጣት

አዲስ አበባ ምርጫው ሰፊ ነው፣ ለመደራደርም ይመቻል። ግን ከ2,300 ሜትር በላይ ባለ ቀዝቃዛ ከተማ የኖረ መኪና ራዲያተሩ ግማሹ ቢደፈን እንኳ ችግሩ ሳይታወቅ ለዓመታት ሊነዳ ይችላል። ድሬ ወርዶ በግንቦትና በሰኔ ሙቀት፣ ኤሲ ተከፍቶ ሲነዳ ነው የሚፈላው። ደጋግሞ የፈላ ሞተር ቴስታታው (የሞተሩ የላይኛው ክዳን) ይጣመማል፣ ከሥሩ ያለው ማሸጊያ ጋርኒሲዮን ይቃጠላል። ኤሲውም እዚያ የሚከፍተው ስለሌለ ጋዙ አልቆ ሊሆን ይችላል፤ ጋዝ መሙላት ቀላል ነው፣ ኮምፕረሰሩ ከሞተ ግን ሌላ ወጪ ነው።

ሌላው ፋይሉ ነው። የአዲስ አበባ ሰሌዳ ያለውን መኪና ወደ ድሬ ወይም ወደ ሐረር ለማዞር ፋይሉ መላክ፣ አሮጌው ሰሌዳ መመለስ አለበት። ፋይሉ መንገድ ላይ እያለ መሸጥ ካስፈለገ ገዢው ወይ ይጠብቃል ወይ ዋጋ ይሰብራል፤ ሁለተኛውን ነው የሚመርጠው። በአንድ ዓመት ውስጥ የመሸጥ ዕድል ካላችሁ ትንሽ ጨምራችሁም ቢሆን እዚሁ የተመዘገበውን ግዙ።

ቪትዝ፣ ያሪስና ኮሮላ

ቪትዝና ያሪስ በስም ቢለያዩም የአንድ ቤት ልጆች ናቸው። ለሻጭ ትልቁ ልዩነት መሪው ነው። ቪትዝ ለጃፓን ገበያ በቀኝ መሪ የተሠራ ስለሆነ እዚህ የምታዩት ብዙውን ጊዜ መሪው ወደ ግራ የተዛወረ ነው፤ የአውሮፓው ያሪስ ግን ከፋብሪካው በግራ መሪ ወጥቷል። መሪው የዞረን መኪና የዝናብ መጥረጊያው ያጋልጠዋል፦ አጠራረጉ ለቀኝ ሾፌር የተሠራ ከሆነ በሾፌሩ በኩል ያልተጠረገ ሰፊ ጥግ ይቀራል። ዳሽቦርዱ ሥር የተቆረጠና የተበየደ ላሜራም ፈልጉ። በደንብ የዞረ መሪ ያገለግላል፤ ሲሸጥ ግን ሁሌም መከራከሪያ ነው። ዋጋቸው ከተቀራረበ ያሪሱን ውሰዱ።

እ.ኤ.አ. ከ2005 ወዲህ የመጣው ባለ 1.0 ሊትር ሞተር ሦስት ሲሊንደር ነው፤ ቆሞ ሲሠራ ትንሽ መንቀጥቀጡ ተፈጥሮው ነው። ድሬ ውስጥ ከከዚራ ሳቢያን ለመመላለስ ከበቂ በላይ ነው። አምስት ሰው ጭኖ ኤሲ ከፍቶ ወደ ሐረር የሚወስደውን የደንገጎ ዳገት ሲወጣ ግን ያቃስታል፤ ሐረር የሚመላለስ ገዢ 1.3ቱን ነው የሚፈልገው።

ኮሮላ ሰፊ ነው፣ መካኒኩ ሁሉ ያውቀዋል፣ ዕቃው አይጠፋም። እ.ኤ.አ. ከ2001 እስከ 2007 በተሠራው ላይ ግን አንድ ነገር ተጠንቀቁ፦ የዜድዜድ ቤተሰብ የሆኑት ባለ 1.4፣ 1.6 እና 1.8 ሊትር ሞተሮች፣ በተለይ የመጀመሪያዎቹ ዓመታት፣ ዘይት ይበላሉ። ፒስተኑ ላይ ዘይት የሚመለስባቸው ቀዳዳዎች ስለሚያንሱና ስለሚደፈኑ ነው። ሞተሩን አሙቁት፣ አምስት ደቂቃ ቆሞ ይሥራ፣ ከዚያ ነዳጅ ስጡትና ከኋላ አንድ ሰው ይይ። ሰማያዊ ጭስ ከወጣ አትደራደሩ፣ ሂዱ። ወፍራም ዘይት ጨምሮ ጭሱን ለጥቂት ቀን የሚደብቅ ሻጭ ስላለ ሙከራውን በሌላ ቀን ድገሙት።

ከሁለቱ የቱ ያስከስራል? ንጹሕ ኮሮላ ቶሎ ይሸጣል፤ ዘይት የሚበላው ግን ከተዛወረ መሪም የባሰ ያከስራል። በነገራችን ላይ መካኒክ የሚያውቀው መኪና እንዴት እንደሚከበር ሐረር ምስክር ናት፦ የፔዦ 404 ሳሎን እ.ኤ.አ. በ1975 ፈረንሳይ ውስጥ መመረቱ ቢቆምም የሐረር ታክሲ ሲባል ስሙ አብሮ ይነሳል።

ዲዛየርና ሊፋን

ሱዙኪ ዲዛየር ባለ 1.2 ሊትር ሞተሩ ነዳጅ ቆጣቢ ነው፣ ዓመቱም ከአሮጌ ቶዮታ ያነሰ ነው። አደጋው ያለፈ ሕይወቱ ላይ ነው። አዲስ አበባ ላይ ራይድ (በስልክ የሚጠራ ታክሲ) የሠራ ዲዛየር በጥቂት ዓመት ብዙ ኪሎ ሜትር ይነዳል፣ ቆጣሪውም ሊመለስ ይችላል። የፔዳሎቹን ጎማ፣ የመሪውን ቆዳና የኋላ በሮቹን እጀታ እዩ፤ 60,000 ኪሎ ሜትር የሚል መኪና የፍሬን ፔዳሉ አይላጭም። የቻይናው ሊፋን ሲገዛ ርካሽ፣ ሲሸጥ ደግሞ የበለጠ ርካሽ ነው፤ እናት ኩባንያው እ.ኤ.አ. በ2020 ቻይና ውስጥ በፍርድ ቤት መልሶ ማዋቀር ውስጥ መግባቱ የዕቃውን ጉዳይ አላቀለለውም። ለረጅም ጊዜ ለመንዳት ይሁን፤ ለአጭር ጊዜ አይመከርም።

ኤሌክትሪክ

መንግሥት እ.ኤ.አ. በ2024 መጀመሪያ የነዳጅ አውቶሞቢል ማስገባት ከከለከለ ወዲህ ሁለቱ ገበያዎች ተለያይተዋል። የነዳጁ መኪና ቁጥሩ ተወስኗል፤ ኤሌክትሪኩ ግን በየጊዜው አዲስ ይገባል። የእናንተ ያገለገለ መኪና ከአዲሱ ጋር ፊት ለፊት ይፎካከራል፤ አዲሱ ዋጋው በቀነሰ ቁጥር የእናንተም ይወርዳል። ለመንዳት ርካሽ ነው፣ የነዳጅ ሰልፍም የለበትም፤ ቶሎ ለሚሸጥ ሰው ግን ከሁሉም አደገኛው ይኸው ነው።

ዋጋውን የሚወስነው ባትሪው ነው። ቢዋይዲ ሲጋልን እንውሰድ፦ ትንሹ ባትሪ 30 ኪሎዋት ሰዓት ገደማ፣ ትልቁ 39 ገደማ ነው። በቻይና መለኪያ 305 እና 405 ኪሎ ሜትር ይባላል፤ ኤሲ ከፍቶ ለሚነዳ የድሬ ሰው ያ ቁጥር አይገኝም። ድሬና ሐረርን ብቻ ብናይ ከፍታው ወደ 700 ሜትር ይለያያል፤ ከነተሳፋሪው 1,500 ኪሎ የሚመዝን መኪናን ያን ያህል ማንሳት ብቻ 3 ኪሎዋት ሰዓት ገደማ ይፈጃል፣ ማለትም የትንሹን ባትሪ አንድ አሥረኛ። ሲወርድ የተወሰነው ይመለሳል።

ከመግዛታችሁ በፊት ከ20 ወደ 80 በመቶ ቻርጅ አድርጉና የቤት ቆጣሪ ላይ ስንት እንደገባ ጻፉ፤ ሌላ ዕቃ እንዳይሠራ። ደህና ትንሽ ባትሪ ብክነቱን ጨምሮ 20 ኪሎዋት ሰዓት አካባቢ ይወስዳል። 15 ብቻ ወስዶ 80 ከደረሰ ሩብ ያህሉ አቅሙ ሄዷል። ሶኬቱንም እዩ፦ የቻይናና የአውሮፓ ሶኬት አይገጣጠሙም፤ አስማሚው አብሮ ካልተሰጣችሁ ቀጣዩ ገዢ ከእናንተ ይጠይቃል።

ወረቀቱና የመጨረሻው ፍተሻ

የሻንሲና የሞተር ቁጥሩን ከሊብሬው ጋር በፊደል በፊደል አመሳክሩ። የጉምሩክ ዲክላራሲዮኑን ጠይቁ፤ ከቀረጥ ነፃ የገባ መኪና ቀረጡ ሳይከፈል ስሙ አይዛወርም። ኮድ 3 (የንግድ ሰሌዳ) ከሆነ የሻጩን የግብር ክሊራንስ ሳታዩ ቀብድ አትስጡ። ጎማው ጎን ላይ ያሉት አራት ቁጥሮች ዕድሜውን ይናገራሉ፦ 2319 ማለት እ.ኤ.አ. የ2019 23ኛ ሳምንት ነው። የድሬ ፀሐይ የጎማ ጥርሱ ሳያልቅ ጎኑን ስለሚሰነጥቀው አራት ጎማ መቀየር ካለበት ከዋጋው ላይ አስቀንሱ። ከዚያ ኤሲ ከፍታችሁ ደንገጎን ውጡ፣ የሙቀት ጌጁን ተከታተሉ፤ ስትሸጡም ገዢው የሚፈትናችሁ እዚያው ነው።

ለመሸጥ ስታዘጋጁ የኤሲ ጋዝ፣ ደካማ ባትሪና የማይበራ መብራት አሠሩ፤ ወጪያቸው ትንሽ ነው፣ ዋጋ መስበሪያ ሰበብም ያሳጣሉ። ቀለም ግን አታስቀቡ። ትኩስ ቀለም ያየ ገዢ ሥሩ ስቱኮ (የተጎዳ ላሜራ መሙያ) አለ ብሎ ያስባል፣ ስቱኮ ላይ የማይጣበቀውን ማግኔት ይዞ ይመጣል፣ ፀሐይ ያደበዘዘው ኮፈን ከሚያስቀንሰው በላይ ያስቀንሳችኋል።