የኢጋዱ የአደጋ ካርታ ለድሬ ሰው ይሠራል?

ይሠራል። ለድሬ ጎርፍ ግን አትተማመኑበት። ስለ ሌላው እንነጋገር።

የማወራው «ኢስት አፍሪካ ሃዛርድስ ዎች» ስለሚባለው የኢንተርኔት ካርታ ነው። የሚያወጣው ናይሮቢ ያለው የኢጋድ የአየር ንብረት ማዕከል ነው፣ ኢክፓክ የሚሉት። ነፃ ነው። ዝናብ፣ ድርቅ፣ አውሎ ነፋስ፣ አንበጣ፣ ሁሉም አንድ ካርታ ላይ ተደራርቦ ተቀምጧል፤ የፈለጋችሁትን ታበሩታላችሁ፣ ያልፈለጋችሁትን ታጠፉታላችሁ። ከሱዳን እስከ ታንዛኒያ 11 አገሮችን ይሸፍናል። ማዕከሉ ትናንት የተከፈተ አይደለም፤ እ.ኤ.አ. በ1989 ድርቅ መከታተያ ሆኖ ነው የጀመረው።

«ድሬ ቁጭ ብዬ የታንዛኒያ ዝናብ ምን ይሠራልኛል?» የሚል አይጠፋም። አቦ፣ የታንዛኒያውን ተወው። እኛ ላይ የሚወርደው መዓት እኮ ብዙውን ጊዜ ከሌላ ቦታ ተነስቶ ነው የሚመጣው። አንበጣው ከየመን ነው። አውሎ ነፋሱ ከኤደን ባሕረ ሰላጤ ነው። ጎርፉ ደግሞ ከተማው ላይ ጠብ ሳይል ከላይ ከደጋው ይመጣል።

አንበጣውን እንውሰድ። በ2012 ገና ሰሞን ከጅቡቲ ተነስቶ ድሬ ሊያርፍ የነበረ የመንገደኞች አውሮፕላን መንጋ ውስጥ ገብቶ የፊት መስታወቱ በአንበጣ ተሸፍኖ፣ እዚህ ማረፉን ትቶ አዲስ አበባ ሄዶ አረፈ። የዚያ መንጋ ነገር የተጀመረው እዚህ አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ2018 መኩኑና ሉባን የተባሉ ሁለት አውሎ ነፋሶች የአረቢያን በረሃ አረጠቡት። ሰው በማይደርስበት አሸዋ ላይ አንበጣው ማንም ሳያየው ተራባ፣ ከዚያ የመን ገባ፣ ከዚያ ሶማሊያና እኛ ጋ። የበረሃ አንበጣ መንጋ በቀን እስከ 150 ኪሎ ሜትር ይበራል። አንድ ካሬ ኪሎ ሜትር የሚሸፍን መንጋ ደግሞ 35,000 ሰው በቀን የሚበላውን ያህል ይጨርሳል። ስለዚህ የመን ያለው ባለሙያ ያየውን ካልተናገረ፣ እኛ የምናውቀው ማሽላው ላይ ሲያርፍ ነው።

ካርታው ላይ ያለው የአንበጣ መረጃ ከየት እንደሚመጣ ሳጣራ የወደድኩት ነገር አለ። በየአገሩ ሜዳ ላይ የሚዞሩ ሰዎች አሉ። በእጃቸው ባለች መሣሪያ የቆሙበትን ቦታ ይመዘግባሉ፣ ያዩት ክንፍ ያላወጣ ኩብኩባ ይሁን የሚበር፣ ቀለሙም ምን እንደሆነ ይጽፋሉ። ቀለሙ ለጌጥ አይደለም፤ ሮዝ ከሆነ ገና ያልበሰለ ነው፣ ቢጫ ከሆነ እንቁላል ሊጥል የደረሰ ነው። ያ መዝገብ ወደየአገሩ ቢሮ፣ ከዚያ ሮም ወዳለው የፋኦ (የተባበሩት መንግሥታት የምግብና የእርሻ ድርጅት) አንበጣ ክፍል ይሄዳል፤ በየወሩም ትንበያ ተጨምሮበት በነፃ ይወጣል። ስንትና ስንት ነገር የማይስማሙ አገሮች ለአንበጣ ሲሆን እንዲህ መረጃ መቀባበላቸው፣ እውነቱን ለመናገር፣ አስገርሞኛል። ለዚህ ክፍል ሙሉ አምስት ኮከብ።

የወቅት ትንበያው ላይ ስንመጣ ጥንቃቄ ይፈልጋል። ማዕከሉ በዓመት ሦስት ትልልቅ ትንበያ ያወጣል፦ ከመጋቢት እስከ ግንቦት፣ ከሰኔ እስከ መስከረም፣ ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ፣ በፈረንጅ ወር። ካርታው አረንጓዴና ቡናማ ተቀብቶ ይመጣል። በርጫ ላይ ስልኬን አውጥቼ ሳሳይ አንዱ ጓደኛዬ «በቃ ሽኒሌ ሊጥለው ነው!» ብሎ ተነሳ። አይደለም። አረንጓዴው የሚለው «ከወትሮው የበለጠ የመዝነብ ዕድሉ ከፍ ያለ ነው» ብቻ ነው። እንደ ሽኒሌ ባለ ወትሮውኑ ዝናብ በማያውቅ አገር ከወትሮው መብለጥ ብዙም አይደለም። ደግሞ የሦስት ወር ድምር እንጂ የማክሰኞ ከሰዓት ዝናብ አይነግራችሁም። ይህን ካወቃችሁ ግን ለከብት ነጋዴም፣ ለገበሬም፣ እህል ለሚያከማችም ጥሩ መነሻ ነው።

አሁን ጎርፉ። በ1998 ሐምሌ መጨረሻ ላይ ከተማውን ሰንጥቆ የሚያልፈው ደቻቱ ወንዝ በሌሊት መጥቶ ከ200 በላይ ሰው እንደወሰደ ድሬ ውስጥ የማያውቅ የለም። ደቻቱ ዓመቱን ሙሉ ማለት ይቻላል አሸዋ ነው፤ ሰው ይሻገርበታል፣ ገበያ ይቆምበታል። ዝናቡ የሚጥለው ላይ ደጋው ላይ ነው፣ ውሃው ወርዶ ከተማ ለመግባት ብዙ ሰዓት አይፈጅበትም። እንዲህ ያለውን አጭርና ቁጡ ወንዝ አገር አቋራጭ ካርታዎች አይይዙትም። የአውሮፓውያኑ «ግሎፋስ» የሚባለው የጎርፍ ካርታም ያው ነው፤ ሥሪቱ ለትልልቅ ወንዞች ነው። ስለዚህ የክረምት ማታ ደጋው ላይ ሰማዩ ከጠቆረ ካርታ አትክፈቱ፣ ላይ ላለ ዘመድ ደውሉ፣ ከአሸዋውም ውጡ።

ለትልቅ ወንዝ ሲሆን ግን ነገሩ ሌላ ነው። ከባሌና ከሐረርጌ ደጋ የሚወርደው ዝናብ ዋቢ ሸበሌ ገብቶ ሶማሊያ ውስጥ በለድወይን ከተማን ያጥለቀልቃል። እነሱ ጋ ለመድረስ ቀናት ይፈጅበታል። እዚያ የሚወጣው የጎርፍ ማስጠንቀቂያ የኛን ደጋ ዝናብ እያየ ነው የሚዘጋጀው። ከድሬ በላይ ደጋው ላይ ያለችው ደንገጎ ለኛ የሆነችውን እኛ ለበለድወይን ሆነናል ማለት ነው። መረጃ ስጡን ብቻ ሳይሆን ስጧቸውም የሚያሰኝ ነው።

አብራችሁ ልትጠቀሙበት የሚገባ አንድ ነገር ልጨምር፤ የጉግል ኧርዝ «ታይምላፕስ»። ከ1984 ጀምሮ ያለውን የሳተላይት ፎቶ፣ በፈረንጅ ማለቴ ነው፣ እንደ ፊልም ያሳያችኋል። ሐረማያ ሐይቅ ላይ አቁሙትና አስኪዱት። ውሃው ከዳር ዳር እየሸሸ፣ እየሸሸ፣ ጠፋ፤ ቦታው ሜዳ ሆነ። ከዓመታት በኋላ ደግሞ ተመልሶ መጣ። በዚያ መንገድ ወደ ሐረር እየተመላለሰ ያደገ ሰው በዓይኑ ያየውን በአንድ ደቂቃ ደግሞ ያየዋል። ፎቶዎቹ የተገኙት አሜሪካኖቹም አውሮፓውያኑም የሳተላይት ምስላቸውን በነፃ ስለለቀቁ ነው፤ የአሜሪካው ላንድሳት ነፃ የሆነው እ.ኤ.አ. በ2008 ነው። በዋይፋይ ክፈቱት፣ ዳታ ይበላል።

የኢክፓኩን ካርታ ኮከብ የምቀንስበት ዋናው ምክንያት ቋንቋው ነው። ካርታውን የማየው በእንግሊዝኛ ነው፣ ያውም ለባለሙያ በሚሆን እንግሊዝኛ። ቀፊራ ገበያ ሽንኩርት የሚሸጡ ጎረቤቴ ስልኬን ተቀብለው አዩና «ልጄ፣ ይሄ ቀለም ክፉ ነው ደግ?» አሉኝ። ጥያቄው ትክክል ነው። ካርታው ይህን በአማርኛ፣ በኦሮምኛና በሶማልኛ በአንድ መስመር ቢመልስ፣ ድሬ ውስጥ የማያነበው አይኖርም ነበር።

ከአምስት ሦስት ተኩል እሰጠዋለሁ። የጅቡቲን መስመር የምትነዱ ግን ሳትንቁት ያዙት። እ.ኤ.አ. ግንቦት 2018 ላይ «ሳጋር» የተባለው አውሎ ነፋስ በሶማሌላንድ በኩል ገብቶ ጅቡቲን በጎርፍ ሲመታ፣ ባሕሩ ላይ ሲመጣ ከቀናት በፊት በሳተላይት ይታይ ነበር። መኪና ከመጫናችሁ በፊት የአውሎ ነፋሱን ክፍል አብሩና ኤደን ባሕረ ሰላጤ ላይ የሚሽከረከር ነገር ካለ እዩ። ካለ፣ ድሬ አንድ ሁለት ቀን ማደር ነው።