ቁልፉ ውስጥ ቀርቶ የተቆለፈ አሮጌ መኪና፦ ሸምቀቆ ወይስ ሽቦ?

ከመስታወቱ ሥር ቀጥ ብላ የምትወጣ መቆለፊያ ፒን ያለው አሮጌ መኪና ከሆነ፣ በሁለቱም መንገድ ሥራው ፒኗን ወደ ላይ ማንሳት ነው። አስቀድማችሁ ግን ሌሎቹን በሮች ሞክሩ።

ለሸምቀቆ 2 ሜትር የሚሆን ቀጭንና ጠንካራ ገመድ ይበቃል። መሃሉ ላይ ትንሽ ሸምቀቆ ሥሩ፤ ሁለቱን ጫፎች ይዛችሁ፣ ከበሩ የላይኛው ጥግ ጀምራችሁ እንደ መጋዝ ወዲያና ወዲህ እየሳባችሁ በበሩ ጠርዝ ጎማ በኩል አስገቡት። ሸምቀቆው ፒኗ አንገት ላይ ሲወርድ ጫፎቹን ግራና ቀኝ ሳቡ፤ ሲጠብቅ ወደ ላይ አንሱ። የፒኗ ጭንቅላት ሰፋ ያለ ካልሆነ ግን ይንሸራተታል፤ ያኔ በከንቱ አትልፉ።

ሽቦ የሚገባው በመስታወቱና በውጪው ጎማ መካከል ነው፤ የተቆለመመው ጫፉ በሩ ውስጥ ከፒኗ ጋር የተያያዘውን ዘንግ ይይዛል። ጭንቅላት የሌላትን ፒንም ያነሳል። ችግሩ በጭፍን መሠራቱ ነው። ዘንጉን የያዘችው የፕላስቲክ ክሊፕ በዕድሜ ብዛት ስለምትደርቅ በቀላሉ ትሰበራለች፤ በሩ ቢከፈትም ፒኗ ከዚያ በኋላ አትቆልፍም። መስታወቱም ይጫጫራል። የኤሌክትሪክ መስታወት ባለው በር ደግሞ ሽቦው የኤሌክትሪክ ገመዶቹን ሊበጥስ ይችላል፤ እንዲህ ያለውን በር በሽቦ አትንኩት።