ለደብረ ማርቆሱ ራዲዮ ሠሪ ምስጋና

ባለፈው ቅዳሜ እናቴ ቡና እያፈላች የአባቴን ሸክላ ከፈትሁላት። መርፌው ሸክላው ላይ ካረፈ በኋላ ዘፈኑ እስኪጀምር ትንሽ ዝምታ አለ። ያችን ዝምታ ለመስማት ስምንት ወር ጠብቄያለሁ። እናቴ ጀበናዋን አስቀምጣ ቀና አለች። «ጠራ!» አለች። ለዚህ ያበቁኝን ሰው በአደባባይ ላመስግን ብዬ ነው ይህን የምጽፈው።

አባቴ የሰበሰባቸው፣ በደቂቃ 45 ጊዜ የሚዞሩ ሸክላዎች አሉ። ብዙዎቹ አምሐ እሸቴ በፈረንጆቹ 1969 ባቋቋመው አምሐ ሬከርድስ የታተሙ ናቸው። አባቴ ካረፈ በኋላ ሸክላ ማጫወቻው ከነዕቃው አዲስ አበባ ወንድሜ ዘንድ ነበር። አምና ዓባይን አሻግሬ ደብረ ማርቆስ አመጣሁት። ገጣጥሜ ስከፍተው እምምም አለ። ንብ የሰፈረበት ቀፎ አጠገብ የተቀመጥሁ ነው የመሰለኝ። ድምፁን ከፍ ባደረግሁ ቁጥር እምምታውም አብሮ ይጨምራል።

አንድ ጠጋኝ አምፕሊፋየሩን (ድምፅ ማጉያውን፣ አምፑን) ካልቀየርህ መፍትሔ የለውም አለኝ። ሌላው የዲቫይደሩን ግራውንድ ሽቦ ፍታው፣ ይጠፋል አለኝ። እንኳን አልፈታሁት!

በመጨረሻ ጎረቤቴ እኒህን አባት ጠቆመኝ። ስማቸውን እንዳልጽፍ ስለለመኑኝ እንደምጠራቸው ጋሼ እላቸዋለሁ። ዕቃውን ወደ ሱቅዎ ላምጣው ስላቸው «አይሆንም ልጄ፤ በሽታው ከቤትህ ሊሆን ይችላል። እኔው እመጣለሁ» አሉኝ። ቴስተርና መበየጃ ይዘው በእግራቸው መጡ።

ዕቃውን ወዲያው አልፈቱም። መጀመሪያ የጠየቁኝ «መርፌውን ስታነሣው ድምፁ ይጠፋል ወይስ አለ?» ብለው ነው። አነሣሁት፤ አለ። «እንግዲያው የኤሌክትሪክ ነው። የሞተሩ ወይም የጠረጴዛው ንቅናቄ ቢሆን መርፌው ሲነሣ ይጠፋ ነበር» አሉ። ከዚያ የአምፑን መምረጫ ወደ ሬዲዮ አዞሩት። ጭጭ። ወደ ሸክላው መለሱት። እምምም። ከቦርሳቸው ሁለት ጃክ አወጡ፤ ውስጣቸው ሽቦው እርስ በርሱ የተገናኘ ነው። የሸክላ ማጫወቻውን ጃኮች ነቅለው በቦታቸው እነዚያን ሰኩ። አሁንም ጭጭ። «አምፕህ ጤነኛ ነው። ሌላ እንዳትገዛ» አሉኝ። ሊሸጡልኝ ይችሉ ነበር። ሱቃቸው ውስጥ አምፕ አለ።

ሸክላ ብቻ ለምን እንደሚያስቸግር ያስረዱኝን አልረሳውም። ከመርፌው የሚወጣው ኤሌክትሪክ በጣም ትንሽ ነው፤ በአብዛኛው ከ3 እስከ 5 ሚሊቮልት። አምፑ እሱን መቶ እጥፍ ገደማ ያሳድገዋል። በዚያ ላይ ሸክላ ሲቀረጽ ወፍራሙ ድምፅ ሆን ተብሎ ይቀነሳል፤ አለዚያ ጎድጎዱ በጣም ይሰፋል። ስለዚህ ሲጫወት አምፑ የተቀነሰውን መልሶ ይጨምራል። የኛ መብራት ደግሞ በሰከንድ 50 ጊዜ ነው የሚመላለሰው፤ ይህም ወፍራም ድምፅ ነው። እዚያ ወፍራም ድምፅ ላይ አምፑ ከመካከለኛው ድምፅ ሰባት እጥፍ ያህል አብልጦ ያሳድጋል። በሬዲዮ የማይሰማ ነገር በሸክላ የሚጮኸው ለዚህ ነው።

ከዚያ የመርፌውን ክንድ በጣታቸው ይዘው፣ ሸክላውን ሳያስነኩ ቀስ ብለው ወደ መሐል ወሰዱት። እምምታው ጨመረ። መለሱት፤ ቀነሰ። እኔም ትዝ አለኝ፤ ሁልጊዜ የሚብሰው ዘፈኑ ወደ ማለቂያው ሲደርስ ነበር። ጋሼ ወደ ግራ ዞር ብለው ስታብላይዘሩን አዩት። መብራቱ ስለሚዋዥቅ የገዛሁት ነው፤ ከማጫወቻው ጎን አስቀምጬዋለሁ። ውስጡ ትራንስፎርመር አለ፤ ዙሪያውን ማግኔት ይረጫል፤ መርፌው ያለበት ካርትሪጅ ውስጥ ያለው ጥቅል ሽቦ ያንን ይለቅማል። ወደ ሌላኛው ግድግዳ ወሰድነው። ከግማሽ በላይ የሚሆነው እምምታ እዚያው ጠፋ። አንድም ቡሎን ሳይፈታ!

የቀረውን ለማግኘት የክንዱን ብረት በጣታቸው ነኩት። ድምፁ ተለወጠ። ከማጫወቻው ጀርባ የምትወጣው ቀጭን የግራውንድ ሽቦ ከጃኮቹ ጋር ተጠቅልላ ቀርታ ኖሯል። ስገጥም የትርፍ ሽቦ መስላኝ ነበር። ጫፏን ልጠው ከአምፑ ጀርባ ካለችው ቡሎን ጋር አሰሯት። ይቺ ሽቦ እና የግድግዳው ግራውንድ አንድ አይደሉም። ስለ ዲቫይደሩ የተሰጠኝን ምክር ስነግራቸው ፊታቸው ተለወጠ። «ያ ሽቦ የተሠራው ሰው እንዳይሞት ነው። ለዘፈን ብለህ እንዳትነካው» አሉኝ። እናንተም እንዳትነኩት።

አሁን የግራው ስፒከር ብቻ ትንሽ ያጉረመርማል። የግራና የቀኙን ጃክ አቀያየሩ፤ እምምታውም ወደ ቀኙ ሄደ። ስለዚህ ጥፋቱ ከስፒከሩ ሳይሆን ከገመዱ ወገን ነው። በቴስተር ሲለኩት የውጭው ጥልፍ ሽቦ ጃኩ ውስጥ ተበጥሷል። ቆርጠው አዲስ በየዱት።

ይህ ሁሉ ካለቀ በኋላ አንድ ነገር ቀረ፤ መርፌው ሲያርፍ ብቻ የሚሰማ ዝቅ ያለ ጉርምርምታ። ሸክላው የሚዞርበትን ሳህን አንሥተው የደረቀውን ዘይት ጠረጉና የስፌት መኪና ዘይት ጥቂት ጠብታ ጨመሩበት። እሱም ረጋ። የሸክላዎቹ ፍጭጭታ ግን አለ፤ እሱ የዕድሜያቸው ነው፤ እወደዋለሁ።

ጋሼ የጠየቁኝ ገንዘብ የአንድ ኪሎ ቡና ዋጋ አይሞላም። ጨምሬ ስሰጣቸው መለሱልኝ። ቡና ጠጡ፤ ሁለት ሸክላ አዳምጠው ሄዱ። ከሳምንት በኋላም ደውለው «ተመልሶ መጣ ወይ?» ብለው ጠየቁኝ። ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልኝ። ዕድሜዎን ያርዝመው።

ደብረ ማርቆስም ሆነ አካባቢው ያላችሁ፣ የቆየ ሬዲዮ፣ ቴፕ፣ አምፕ ወይም ሸክላ ማጫወቻ ካላችሁ እሳቸውን ፈልጉ። ፈቅደውልኛልና የት እንደሚገኙ በውስጥ መስመር እነግራችኋለሁ። ከመሄዳችሁ በፊት መርፌውን አንሥታችሁ ድምፁ መኖር አለመኖሩን አዳምጡ። መጀመሪያ የሚጠይቋችሁ እሱን ነው።