ካይቶሳን፣ የዓሣ ኮላጅን ወይስ የዓሣ ቆዳ?

ሦስቱም “ከባሕር የተገኘ” ተብለው ይሸጣሉ፤ በሥራቸው ግን አይገናኙም። ካይቶሳን የሚሠራው ከሽሪምፕና ከሸርጣን ቅርፊት ሲሆን ኮላጅኑ ቆዳንና አጥንትን አያይዞ የሚይዝ ፕሮቲን ነው፤ ከዓሣ ቆዳና ቅርፊት ይወጣል።

ዱቄቶቹን ለመለየት ሁለት ብርጭቆ ቀዝቃዛ ውሃ ይበቃል። የኮላጅን ፔፕታይድ (ወደ ትናንሽ ቁራጮች የተሰባበረ ኮላጅን) ሲማሰል ይሟሟል። ካይቶሳኑ ግን ቢያማስሉት ቢያማስሉት እንደ አሸዋ ታች ይዘቅጣል። ኮምጣጤ ጨምረው ጥቂት ሰዓት ሲታገሡት ነው እየወፈረ የሚዝለገለገው። (በጨው መልክ የተዘጋጀው ካይቶሳን በውሃም ስለሚሟሟ በዚህ አይፈተንም።)

የሚፈልጉት ደም ለማቆም ከሆነ እኔ ካይቶሳን ያለበትን ፋሻ እመርጣለሁ። ፖዘቲቭ ቻርጅ ስላለው ኔጋቲቭ የሆኑትን ቀይ የደም ሕዋሳት ስቦ ያጣብቃቸዋል፤ የሰውነትን የደም መርጋት ሥርዓት ብቻ አይጠብቅም። ዱቄቱን የሚገዛ ደግሞ የምርመራ ወረቀቱን ይጠይቅ፤ የዲአሴቲሌሽን መጠኑ (የቅርፊቱ ካይቲን ምን ያህል ወደ ካይቶሳን እንደተለወጠ የሚያሳየው) እና የሞለኪውል ክብደቱ ካልተጻፈ ዋጋው ቢረክስም ይለፈኝ ይበል። ለእርሻ የተዘጋጀው ለቁስል አይሆንም። ሽሪምፕ የማይስማማው ሰውም ይጠንቀቅ፤ አለርጂውን በዋናነት የሚያስነሳው ትሮፖማዮሲን የተባለ ፕሮቲን ነው፣ በደንብ ከተጣራ ካይቶሳን ውስጥ ብዙም አይቀርም፤ መጣራቱን የሚናገረው ግን ያው ወረቀት ነው።

ኮላጅን ላይ ብዙ ሰው የሚስተው ሙቀትን ነው። በቀዝቃዛ ውሃ የሚኖረው የኮድ ዓሣ ኮላጅን 15 ዲግሪ ሴልሺየስ አካባቢ ሲደርስ የሞለኪውሉ ጥምዝምዝ ቅርጽ ይፈታል፤ የቲላፒያው 30ን አልፎ ይቆያል። ስለዚህ በላቦራቶሪ ለሕዋስ ማሳደጊያ የሚገዙ ከሆነ የዓሣው ዓይነት ሳይጠየቅ አይታለፍ። ለመጠጥ ከሆነ ግን ቀድሞውኑ የተሰባበረ ፔፕታይድ ስለሆነ ይህ አያሳስብም። ጀላቲን ሰጥተውዎት እንዳይሆን ብቻ ይዩ፤ እሱ በቀዝቃዛ ውሃ ያብጣል እንጂ አይሟሟም። የአሳማም የከብትም ምርት ለማይነካ ሰው የዓሣው ይመቻል።

የዓሣ ቆዳ የሐኪም ምርጫ ነው። ሕዋሳቱ የተወገዱለት የአይስላንድ ኮድ ቆዳ በአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር በ2013 ፈቃድ አግኝቷል፤ እንደ ከብትና እንደ አሳማ ቆዳ ቫይረስን በሚገድል ከባድ ኬሚካል ስለማያልፍ ኦሜጋ 3 ቅባቱ አይጠፋም። በብራዚል ፎርታሌዛም ሐኪሞች ከጀርም የጸዳ የቲላፒያ ቆዳ በቃጠሎ ቁስል ላይ ሞክረው ፋሻ የመቀየሩን ሥቃይ ቀንሰዋል። ከዓሣ ነጋዴ ገዝቶ መለጠፍ ግን ቁስሉን ለጀርም ማጋለጥ ነው።

ለአጥንት መሙያ የሚሸጠውን ኮራል ባይገዙ ይሻላል፤ ድንጋይ ሠሪ ኮራሎች በዓለም አቀፍ የንግድ ቁጥጥር ሥር ናቸው፣ በፋብሪካ የሚሠራ የካልሲየም ፎስፌት መሙያም አለ።

ከእነዚህ ጎን የሚደረደረው የአልጂኔት ፋሻ ከባሕር አልጌ እንጂ ከእንስሳ አይደለም። ፈሳሽ ለሚበዛበት ቁስል ጥሩ ነው፤ ደረቅ ቁስል ላይ ግን ይጣበቃል።