ሲምፕል ጌጥ ከየት ይገዛ? ቡቲክ፣ ወርቅ ቤት ወይስ ቴሌግራም

ጓደኛዬ ጣቷን ዘርግታ "ይሄ ነገር ምንድን ነው?" አለችኝ። ቀለበቷ ያረፈበት ቦታ ዙሪያውን አረንጓዴ ሆኗል። የገዛችው በቴሌግራም ነው፣ "ኦሪጅናል ነው፣ አይለቅም" ተብላ። ልስቅባት አልቻልኩም፤ እኔም ደርሶብኛል። የወርቁ ቅብ ሲያልቅ ከሥር ያለው ናስ ይወጣል። ናስ ውስጥ መዳብ አለ፤ መዳብ ላብ ሲያገኘው ቆዳ ላይ አረንጓዴ ቀለም ይተዋል። ጉዳት የለውም፣ በሳሙና ይለቃል። ገንዘቡ ነው የማይመለሰው።

ቀጭን ሀብል፣ ትንሽዬ ሎቲ፣ ፈርጥ የሌለው ቀለበት፣ ባጠቃላይ ሁሉም ሰው አሁን "ሲምፕል" የሚለውን ዓይነት ጌጥ አዲስ አበባ ውስጥ ለሚፈልግ ሰው ሦስት በር አለ። ከሦስቱም የሚገዛው ነገር ግን አንድ አይደለም።

ወርቅ ቤት የሚሸጠው ክብደት ነው

ድሮ ጥያቄ አልነበረውም፤ ፒያሳ ይኬዳል። በ2016 ዓ.ም. ብዙው ሰፈር ከፈረሰ ወዲህ የለመዱትን ቤት ፈልጎ ማግኘት ራሱን የቻለ ሥራ ሆኗል። አሠራሩ ግን ያው ነው። ጌጡ ይመዘናል፣ በዕለቱ የግራም ዋጋ ይባዛል፣ የእጅ ዋጋ ይጨመርበታል።

21 ካራት ማለት 87.5 በመቶው ንጹሕ ወርቅ ነው፣ 18 ካራት ደግሞ 75 በመቶ። 2 ግራም የምትመዝን የ21 ካራት ሀብል ውስጥ ያለው ንጹሕ ወርቅ እንግዲህ 1.75 ግራም ብቻ ነው። "ወርቅ ንብረት ነው፣ ሲቸግር ይሸጣል" የሚለው የእናቶቻችን ምክር ለከባድ አምባር ልክ ነው። ለክር መሳይ ሀብል ግን እኔ አልስማማበትም። ጌጡ በቀጠነ ቁጥር ከከፈላችሁት ውስጥ የእጅ ዋጋው ድርሻ ይበዛል፤ ስትሸጡት ደግሞ የእጅ ዋጋ አይመለስም። ወርቅ ቤት በሌላው ላይ ያለው ትልቁ ብልጫ እዚህ ላይ ይሳሳል።

ሌላ ብልጫ ግን አለው፤ አይለቅም። ገላችሁን ስትታጠቡ፣ ዕቃ ስታጥቡ፣ ስትተኙ የማታወልቁት ቀለበት ከሆነ ወርቅ ቤት ግቡ። 18 ካራት እንዲሆን እመክራለሁ። 21ዱ ለስላሳ ነው፤ ቀጭን ሲሆን ይጣመማል። ማህተሙንም እዩ፤ 750 ካለ 18 ካራት፣ 875 ካለ 21 ካራት ነው። የምትፈልጉት ዓይነት ከመስታወቱ ውስጥ ካጣችሁ በስልክ ፎቶ አሳዩ፤ ብዙዎቹ በትዕዛዝ ይሠራሉ።

ቡቲክ ውስጥ ዓይን ነው የሚገዛው

ትንሽ የጌጥ ቡቲክ ስትገቡ ሁለት ጠረጴዛና አንድ መስታወት ታገኛላችሁ። ዕቃው ጥቂት ነው፣ ግን ተመርጧል። የምትከፍሉት ለመራጩ ወይም ለሠሪው ዓይን ነው። ይህ የሚያሳፍር ነገር አይደለም። ችግሩ ዓይኑን በወርቅ ዋጋ ስንገዛው ነው።

ስለዚህ አንዲት ጥያቄ ያዙ፤ "ከቅቡ ሥር ምንድን ነው?"

መልሱ ብር (የሚደረገው ማለቴ ነው)፣ ናስ ወይም ስቲል ይሆናል። ከሥሩ 925 የሚባለው ብር (92.5 በመቶው ንጹሕ ብር የሆነው) ከሆነ ቅቡ ቢለቅም የሚወጣው ብር ነው፤ እንደገና ማስቀባት ይቻላል። ናስ ከሆነ የጓደኛዬን ጣት አስታውሱ። ቀጥሎ የቅቡን ውፍረት ጠይቁ። አሜሪካ ውስጥ በብር ላይ የተቀባ ጥሩ ቅብ ለመባል ቢያንስ 2.5 ማይክሮን ያስፈልጋል፤ ርካሹ ግማሽ ማይክሮን እንኳ ላይሞላ ይችላል። የሰው ፀጉር 70 ማይክሮን ገደማ መሆኑን ስታስቡት ምን ያህል ስስ እንደሆነ ይገባችኋል። ሰምና ወርቅ የሚለው አነጋገር ራሱ ከአንጥረኛ ቤት የመጣ ነው፤ ሰሙ ቀልጦ ሲወጣ ወርቁ ይቀራል። ቅብ ላይ ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው፤ ወርቁ ሄዶ ሌላው ይቀራል።

ሻጯ መልሱን ሳታመነታ ከነገረቻችሁ ጥሩ ቤት ገብታችኋል። "አላውቅም፣ ግን ብዙ ሰው ይወስደዋል" ካለች ተመስግና ትቆይ። መቆለፊያውንም ደጋግማችሁ ክፈቱና ዝጉ። ቀጭን ሀብል ብዙ ጊዜ የሚበጠሰው መቆለፊያውን ከሰንሰለቱ የምታያይዘው ትንሿ ቀለበት ጋ ነው። ከተበየደች ትቆያለች፤ ክፍት ከሆነች ሹራብ ይበቃታል።

እኔ ከቡቲክ ያልተቀባ 925 ብር እወዳለሁ። የድሮ አንጥረኞች አቅልጠው መስቀልና ድሪ የሚሠሩበት ማርትሬዛ፣ ያ የድሮው የብር ገንዘብ እንኳ፣ ንጹሕ ብሩ 83 በመቶ ገደማ ነበር። ያም ሆኖ የአያቴን መስቀል በምንም አልለውጥም።

ቴሌግራም

ለአንድ ሠርግ፣ ለአንድ ፎቶ፣ ለስቲል ጌጥ ይሁን። የተቀባ ቀለበት አትግዙ። ጆሯችሁ የሚያሳክካችሁ ከሆነ ሎቲም አትግዙ፤ ርካሽ ብረት ውስጥ ኒኬል ይበዛል። "ዋጋ በኢንቦክስ" ከሚል ሻጭ ይልቅ ዋጋ ጽፎ ዕቃው ሲደርስ ገንዘብ የሚቀበለውን ምረጡ። ማግኔት አስጠግቶ በቪዲዮ "አያችሁ፣ አይስብም፣ ወርቅ ነው" የሚላችሁን አትመኑ። ናስንም ማግኔት አይስበውም።

እንግዲህ ምን ከየት?

የሰውነት ክፍል ይወስነው። ጣትና የእጅ አንጓ ቀኑን ሙሉ ይታሻሉ፣ ይታጠባሉ፤ እዚያ ቅብ አይበረክትም። ለዘወትር ቀለበት ወርቅ ቤት፣ አቅም ከሌለ ያልተቀባ ብር ወይም ስቲል። ጆሮ ብዙ አይታሽም፤ በብር ላይ የተቀባ የቡቲክ ሎቲ ዓመታት ሊቆይ ይችላል። ሀብል መሐል ላይ ነው፤ ሽቶ ከተቀባችሁ በኋላ አድርጉት እንጂ በፊት አይሁን።

ጓደኛዬ በመጨረሻ ቦሌ ካለች አንዲት ትንሽ ቡቲክ የብር ቀለበት ገዛች። ከሦስት ወር በኋላ ደወለች። "ይሄም ጠቆረ!"

"ብር ይጠቁራል። በለስላሳ ጨርቅ እሺው።"

"ኮልጌት ላድርግበት?"

"ተይ፣ ይጭረዋል።"